መስከረም የማይጠባበት ሰማይ

ጁባ ውስጥ ሥራዬ ሰው መስማት የማይፈልገውን ነገር በየጠዋቱ መናገር ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ትናንሽ የቻርተር በረራ ድርጅቶች በአንዱ፣ ኦፕሬሽን በሚባለው ክፍል፣ ሬዲዮ ፊት ለፊት ነበር የምቀመጠው። አለቃችን ዕቃ በአየርም በወንዝም ስለሚያስጭን ሰማዩም ውሃውም በእኔ ጫንቃ ላይ ነበሩ። ዛሬ የት ይዘንባል፣ የትኛው ሜዳ ደርቋል፣ ወንዙ ምን ያህል ሞልቷል፣ ዕቃ ጫኙ ጀልባ፣ ባርጁ፣ የት ሣር ውስጥ ተቀርቅሯል፤ ይህን ሁሉ አሰባስቤ ለፓይለቶቹና ለነጋዴዎቹ እናገራለሁ። ዛሬ አይበርም ያልኩ ቀን የምሰደበው እኔ ነኝ እንጂ ሰማዩን ቀና ብሎ የሚሰድበው ሰው አላየሁም።

ሙኑኪ በሚባለው ሰፈር ምሳ የምንበላበት ቤት የአገሬ ልጆች «የሰማይ ዘበኛ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ገና ከበሩ ስገባ አንዱ ዛሬ ላይ ቤት ምን አሉ ይለኛል፤ ሌላው ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ይቀበላል። መጀመሪያ መጀመሪያ አብሬ እስቅ ነበር። በኋላ ግን መሳቁ ራሱ ደከመኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ቆርቆሮው መንኳኳት ሲጀምር ሁሉም ዞር ብሎ እኔን ያየኛል፣ ከጓዳ ያወጣሁት ይመስል።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የአካባቢው አገሮች ባለሙያዎች ያወጡት የወቅት ትንበያ ይደርሰናል። በ2009 ነሐሴ የመጣው ረጅም ነበር። ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት በእኛ በኩል ዝናቡ ከመደበኛው በላይ የመሆን ዕድሉ ያመዘነ ነው ይላል። ጠዋት ጠዋት ዝቅ ያለ ደመና፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ድንገተኛ ወጀብ። ዋልካ መሬት ላይ ያሉ ማረፊያዎች ለረጅም ጊዜ ሊዘጉ ይችላሉ። ወንዙ ይሞላል፣ ጅረቱ ይበረታል፣ ተገንጥሎ የሚንሳፈፍ ሣርና እንቦጭ የጀልባ መንገድ ይዘጋል። ይህንን አሳጥሬ በአንድ ገጽ ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የሚያነበው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። እና ይዘንባል ወይስ አይዘንብም? ዕድሉ ያመዘነ ነው ስለው፣ ኤጭ፣ አንቺ ደግሞ ብሎኝ ይሄዳል። እኔስ ምን ላድርግ፣ ወረቀቱ ያለው እንደዚያ ነው።

የእኛ ሰው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ኬንያዊውም ኡጋንዳዊውም፣ የአገሩ ሰው ሁሉ፣ ዝናቡ እስከ ጥቅምት እንደሚዘልቅ ያውቃል። እኛ ግን ጥለነው የመጣነው ሰማይ ከጭንቅላታችን አይወጣም። መስከረም ከጠባ ዝናብ አበቃ ነው። ደህና፣ አዋቂ፣ ስንቱን ያየ ነጋዴ ሲሚንቶና ዱቄቱን «ከእንቁጣጣሽ በኋላ ጫኑልኝ» ይላል። ዕቃው ወደብ ላይ ይበሰብስበታል፤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ይላል። ምን እነሱን አማለሁ፣ እኔም ራሴ ጉዴሌ መንገድ ላይ የተሳፈርኩበት ሞተር ብስክሌት፣ ቦዳቦዳው፣ ጭቃ ውስጥ ሲጥለኝ «ግድ የለም፣ ጳጉሜን ገባች» ስል ራሴን ሰምቼዋለሁ። ያ ትንበያ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ሰው ግን ያሳሰበኝ አንድ ሰው ነው፤ ወንድሜ።

በዕድሜ በጣም ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝም፣ ኋላ ጁባ ያመጣኝም እሱ ነው። ራሱ ግን ጁባ አልቀመጥም ብሎ፣ በስተ ሰሜን ነጭ ዓባይ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ሱቅ ከፈተ፤ ሳሙና፣ ዘይት፣ ስኳር፣ የባትሪ ድንጋይ። ከዓመት በፊት በሐምሌው ተኩስ ስንቱ ሰው ንብረቱን ጥሎ ወደ አገሩ ሲሮጥ ጋሼ ንቅንቅ አላለም። ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፣ ልጅ የለውም፤ ያለው ያ ሱቅ ብቻ ነበር። የስኳር በሽታ አለበት። በሽተኛው ራሱ ስኳር ነጋዴ ሆኖ እያልን ስንቀልድበት ኖረናል።

በዚያ ክረምት ቆርቆሮ እግሩን ቧጨረው። ጣቱ ሥር፣ እዚህ ግባ የማትባል ቁስል። አልድን አለች። እዚያ ያለው የእርዳታ ክሊኒክ እያጠበ ይጠቀልልለት ነበር፤ ከዚያ በላይ አቅም እንደሌላቸው ግን ነርሱ ነግሮታል። እኔ ጁባ አንድ ሐኪም ሄጄ ጠየቅኩ። ትንሽ ሳለች አምጪው፣ አጥንት ከነካች የሚሄደው እግሩ ነው አለኝ። ይህን ካለኝ በኋላ ክረምቱን በሙሉ በስልክ ስለምነው ከረምኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ ዝናቡ ጋብ አለ። የእነሱ ሜዳ ደረቀና አውሮፕላን ማረፍ ጀመረ። ቦታ ያዝኩለት። ትንበያውንም መስመር በመስመር አነበብኩለት፤ ይህቺ ፋታ ናት፣ ከዚህ ወዲያ ይብሳል፣ ሜዳው ይዘጋል፣ አሁን ካልወጣህ መቼ እንደምትወጣ እኔም አላውቅም አልኩት። ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ።

«እኔ እኮ ስንት ክረምት ያየሁ ሰው ነኝ» አለኝ ስጨርስ። «መስከረም ይጥባና ዝናቡም ያባራል። ሱቁን ለሰው አስረክቤ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።»

አንተ ያየኸው ክረምት የጎጃም ክረምት ነው አልኩት። ዝናብ ዝናብ ነው አለኝ። ተቆጣሁ፣ አለቀስኩም። ጆሮ ዳባ ልበስ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እንደገሠጸኝ ዓይነት ስሜት ተሰማኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሥራዬ። አውሮፕላኑ ያለ እሱ ተመለሰ። ጳጉሜን ሙሉዋን ዘነበች።

እዚህ ላይ ስለ ሜዳዎቹ ልናገር። ሜዳ ስል አስፋልት እንዳይመስላችሁ፤ ሣሩ ታጭዶ የተስተካከለ መሬት ነው፤ እሱም ዋልካ። ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ ጎማ ይውጣል። መድረቅ አለመድረቁን የሚነግረን እዚያው ያለ ወኪላችን ነው፤ ጠዋት ሜዳው ላይ ተራምዶ በተረከዙ ደልቆት በሳተላይት ስልክ ይደውላል። ታዲያ ወኪል ሁልጊዜ ደርቋል ነው የሚለው። ዕቃው እንዲመጣለት ይፈልጋላ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም፣ በቃ ይምጣ ይላል። እኔ ደርቋል ወይ ብሎ መጠየቅ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ዛሬ ምን ተጫምተህ ሄድክ ነው የምለው። ነጠላ ጫማ ካለኝ ደርቋል። ቦት ካለኝ፣ ወይም ጫማዬን በእጄ ይዤ ካለኝ፣ አለቀ፣ አይበርም። ሰው ስለ መሬቱ ይዋሻል፤ ስለ ጫማው መዋሸት ግን ትዝ አይለውም። ፓይለቶቹ ይህቺን ጥያቄዬን ይቀልዱባት ነበር፤ ግን ሳልጠይቅ አይነሱም።

እንቁጣጣሽ አለፈ። በማግስቱ ጋሼ ከክሊኒኩ ስልክ ደወለ። ድምፁ የእሱ አልመስል አለኝ። ትኩሳት አለው፣ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ጠቁሯል፣ ሽታው ራሱን አስቸግሮታል። በሕይወቱ አንድ ነገር አድርጊልኝ ብሎኝ አያውቅም። «አውሮፕላኑን ላኪልኝ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ሄሊኮፕተር ያላቸውን መሥሪያ ቤቶች ለመንኩ፤ ለራሳችን ሠራተኛ ብቻ ነው አሉኝ። አለቃዬን ለመንኩት። አንደኛው ካፒቴናችን በነጋታው ዕቃ አራግፎ ባዶውን በዚያ በኩል ስለሚመለስ፣ ሜዳው ደህና ከሆነ ወርዶ እንዲያነሳው ፈቀደልኝ፤ እግዜር ይስጠው። ካፒቴኑ ኬንያዊ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ሻይ ሲጠጣ እንኳ የማይቸኩል ሰው። አብረን ብዙ ክረምት ሠርተናል።

ጠዋት ወደ ሜዳው ደወልኩ። ወኪሉ ወደ ዘመዶቹ መንደር ሄዷል። ስልኩን የያዘው ጋሼ ራሱ ነው፤ ሰዎች ከነአልጋው ተሸክመው ሜዳው ዳር አስቀምጠውታል። ደርቋል አለኝ። ፀሐይ ወጥቷል፣ ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጠብ አላለም፣ አየሽ፣ መስከረም እኮ ነው አለኝ። በዚያ ሁሉ ስቃይ መሀል ደስ ብሎት ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ምን ተጫምተህ ነው አልኩት።

«የምን ጫማ? እግሬ እኮ ተጠቅልሏል» አለኝ።

የተሸከሙህ ሰዎችስ አልኩት። ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ እንደ ሁልጊዜው። ከሜዳው መሀል ሰው ልከህ በተረከዝ ይደልቁልህ አልኩት፤ ላከ፤ ደህና ነው አሉ አለኝ። በሳተላይቱ ምስል ላይ በምዕራብ በኩል ደመና እየተቆለለ ነበር፤ ግን ሰዓታት የሚቀሩት ይመስላል። የሰማሁትን ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ለካፒቴኑ በሬዲዮ ነገርኩት። ሄጄ አያለሁ አለኝ።

ቢሮው ውስጥ የሚጮህ ማራገቢያ ነበር። አጠፋሁት። ከሬዲዮው ሌላ ምንም መስማት አልፈለግኩም።

ካፒቴኑ ሜዳው ላይ ሲደርስ ዝቅ ብሎ አንድ ጊዜ ዞረ። አልጋውንና በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች እንደሚያይ ነገረኝ። አልጋው ላይ ያለው ሰው በእጁ ነጠላ ያውለበልባል አለኝ። መሬቱስ አልኩት። ላዩ ደርቋል፤ መሀል ላይ ግን መኪና የሄደበት ፈለግ አለ፣ ውሃ ይዞ ያብረቀርቃል አለ። ደግሞ ዞረ። ጫፉ አካባቢ የሣሩ መልክ ደስ አላለኝም፣ ምናልባት ግን የሚይዝ መሬት ነው፣ ሃምሳ ሃምሳ ነው አለኝ። 

«ወንድምሽ መሆኑን አውቃለሁ» አለኝ ቆይቶ። «ውረድ ካልሽኝ እወርዳለሁ።»

እንዲህ ማለት አልነበረበትም። በደንቡ ውሳኔው የካፒቴኑ ነው፤ የእኔ ሥራ መንገር ብቻ ነው። ግን የደግ ሰው ነገር ሆኖ ጥያቄውን አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው። ስለ ሁለቱ ልጆቹ አሰብኩ። ስለ ጋሼም አሰብኩ፤ ትምህርት ቤት እጄን ይዞ ሲወስደኝ ጭቃ ሲሆን በትከሻው ያሻግረኝ ነበር። ከዚያ ማይክሮፎኑን ተጭኜ ተመለስ አልኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። ተመለስ አልኩህ አልኩት፤ ጮህኩበት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላ አውሮፕላን ጠራኝ፣ መለስኩለት። ሌላም ጠራኝ። የቀረውን ቀን ስለ ነፋስና ስለ ደመና ሳወራ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የምዕራቡ ደመና እዚያ ሜዳ ላይ ዝናቡን አወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ለሳምንታት ማንም አላረፈበትም።

የቀረው ወንዙ ነበር። ኮር ዊሊያም የሚባል ሰፈር የሚኖር አንድ የባርጅ ወኪል ቤት በጭቃው ውስጥ ተንከላውሼ ሄድኩ። በዚያች ከተማ በኩል ባዶውን የሚመለስ ባርጅ እንዳለ ነገረኝና ለባርጁ መሪ፣ እነሱ ሬይስ ነው የሚሉት፣ ደወለለት። ሰውዬው በሽተኛ አልጭንም አላለም። ክሊኒኩም መርፌና መድኃኒት አስይዞ አንድ ረዳት ነርስ አብሮ ላከለት። ዓባይ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው፤ ስለዚህ ወደ ጁባ መምጣት ማለት ወንዙን ተቃውሞ መውጣት ነው። በበጋ ቢሆን ደህና። በዚያ ሙላት ባርጁ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ውሎ ማታ ሲያዩት ያው ዛፍ አጠገብ ነው። አንድ ቀን ተንሳፋፊ ሣር መንገዱን ዘጋው። አንድ ቀን ወጀብ መጣና ዳር ይዘው አሳለፉት። ይህ ሁሉ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ በገዛ እጄ ተጽፏል። እየደወልኩ፣ የጻፍኩት አንድ በአንድ ወንድሜ ላይ ሲደርስ እሰማ ነበር። ትንበያው አንድም አልሳተም። እንዲያ የጠላሁት ወረቀት የለም።

ወደብ የደረሰው በደመራ ዕለት ከሰዓት ነው። ያኔም ይዘንብ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የረጠበውን ደመራ ናፍጣ እያርከፈከፉ ሊያቀጣጥሉ ሲታገሉ፣ እኔ ከሦስት የወደብ ሠራተኞች ጋር ጋሼን በቃሬዛ ጭቃ ለጭቃ አወጣለሁ። ከስቶ ሕፃን አክሏል። ዓይኑን ገልጦ አየኝና «ይኸ ሰማይ አበደ እንዴ?» አለኝ። 

ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሐኪሙ ነሐሴ ላይ ቢመጣ ምናልባት ጣቱ ብቻ ነበር አለኝ። በእንቁጣጣሽ ሰሞንስ ብዬ ጠየቅኩት፣ ያ አውሮፕላን አንስቶት ቢሆን ኖሮስ? ትከሻውን ነቀነቀ። ምናልባት ከቁርጭምጭሚቱ አለ፣ ምናልባትም ያው ነበር። ምናልባት የምትባል ቃል የእኔ እንጀራ ናት፤ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማት ግን አመመኝ።

ጋሼ ሲነቃ የሙኑኪ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው መጣ። ብርቱካን፣ ጭማቂ፣ ፀበል። እሱም ለመጣው ሁሉ ያንኑ ይተርካል፤ አውሮፕላኑ መጣ፣ ከላዬ ሁለቴ ዞረ፣ ሜዳው ደርቆ እያየሁት፣ ያ ፓይለት ፈርቶ ጥሎኝ ሄደ። ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ የሰው አገር ሰው ምን አገባው ይላል። ዝም አልኩ። ሌላ እንግዳ መጣ፣ ደግሞ ተረከለት። እኔ ብርቱካን ልጬ ለእንግዳው አቀረብኩ። ካፒቴኑ ራሱ ሆስፒታል መጥቶ ነበር፤ ከኮሪደሩ ላይ ሐኪሙን ጠይቆ፣ ለእኔ አንገቱን ደፍቶ፣ ሳይገባ ተመለሰ።

እንግዶቹ ሲወጡ በሩን ገፋ አደረግኩና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ደክሞኛል። ከዚያ ቀን በፊት የደከመኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ገና ነበር።

«ሰውዬው ፈሪ አይደለም ጋሼ» አልኩት። «ተመለስ ያልኩት እኔ ነኝ።»

የሰማ አልመሰለኝም። 

«ውረድ ብትይው ኖሮ ይወርድ ነበር?» አለኝ።

«ይወርድ ነበር።»

«ወርዶስ፣ መነሳት ይችል ነበር?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም?»

«ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም» አልኩት፤ እንባዬ መጣ።

 ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እንግዲያው እኔም አላውቅም» አለ በመጨረሻ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እግሬን በረደኝ፣ አልብሺኝ አለኝ። የትኛውን ብዬ አልጠየቅኩም። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጌ፣ ምንም የሌለበትን ቦታ አለበስኩት።